ዝርዝር

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከመስታወት ኋላ ተቀምጬ ነበር፣
ሥራዬ ቀላል ነው፤ ድፍን ተቀብሎ ዝርዝር መስጠት፣ ያው መዘርዘር።
በላስቲክ ኩባያ ሁለት ሁለት ፔንሱን ሰፍሬ
"ይቅናህ!" እላለሁ፣ መዳብ በሚሸት እጄ አሻግሬ።

ነሐሴ ሲገባ ድፍን ሀል ከተማ በአውቶቡስ ይጎርፋል፣
አሸዋ በጫማው፣ ኮምጣጤ በጣቱ፣ ልጅ በትከሻው ይዞ ይሰለፋል።
ወይዘሮ ኢኒድ ጋርትዌት በቁልፎቿ ድምፅ ቀድማ ትመጣለች፣
ማሽን የሚደበድብ ጎረምሳ ካየች ጆሮውን ትይዛለች፤
"እሱ አልበላብህም፣ አንተ ነህ ያጎረስከው" ትላለች።

እኔን የሚያስቆመኝ ግን ገፊው ማሽን ነበር።
ሳንቲም በሳንቲም ላይ ተንተርሶ፣
አፋፉ ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣
ሊወድቅ ነው፤
ሊወድቅ ነው፤
አይወድቅም።
ሌላ ይጨመራል። መደርደሪያው ይሄዳል፣ ይመለሳል፤
ሰውዬው ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ የማያውቀውን ይማልዳል።

ከበሩ ውጭ ደግሞ ገደሉ።
የሆልደርነስ አፈር ጭቃ ነው፤ ባሕሩ በጥር ማዕበል ይመጣና
አንዳንዴ አንድ ሜትር፣ አንዳንዴ ሁለት ይወስዳል፤
አንድ ጊዜማ የሚስተር ፎውለርን ጓሮ
ከነአጥሩ፣ ከነአግዳሚ ወንበሩ
እንደ ሳንቲም ገፋው።
እኛ ውስጥ ሆነን ዝርዝር ቆጠርን።

አወዳደቃችንን ዘርዝር ካልከኝማ፦
መጀመሪያ ልጆቹ ቀሩ፤ ጨዋታው ኪሳቸው ውስጥ ገባ።
ቀጥሎ የጠፈር መርከቡ ስክሪን ቀዩን ቀለም አጣ፤
ከዚያ ወዲህ ፍንዳታው ሁሉ እንደ ሰላጣ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።
የውድድር መኪናው ወንበር ተቀደደ፣ በፕላስተር ታሸገ።
ባንኩ ቅርንጫፉን ዘጋ፤ ኢኒድ የሳንቲም ከረጢት ጭና
አርባ ደቂቃ ትነዳለች፣ መኪናዋ በኋላ እግሯ ተንበርክካ።
በመጨረሻ አንድ ሕፃን ኩባያዬን አየና
"ካርድ አይቀበልም?" አለ። በትሕትና ነው የጠየቀው።
ጨዋታን የገደለው ሌላ ጨዋታ ነው ይላሉ፤
እኔ ግን ከመስታወት ኋላ ነበርኩ፤
ቀድሞ የሞተው ዝርዝር ነው።

ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ በየካቲት፣ ማክሰኞ ቀን።
ያ የጠፈር መርከብ የጀግኖች ዝርዝር ነበረው፤
ስም በሦስት ፊደል ነው፣ ከዚያ በላይ አይፈቅድም፣
መብራት ከተነቀለበት ደግሞ ማንንም አያስታውስም።
ኢኒድ ዘጠኝ ዓመት ሌት ተቀን ያላጠፋችው ለዚህ ነው፤
ሁለተኛው መስመር ላይ ሴልዊን ነበረ፣
ባሏ፣ በሦስት ፊደል።
"አንደኛ እንኳ አልወጣ" አለች። "ንቀለው በቃ።"
ስክሪኑ መሐል ነጭ ነጥብ ቀረ፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል፤
ከዚያ እሱም።

ናዝኒን ከሀል መጣች፣ መበየጃ በቦርሳዋ ይዛ።
አሥራ ሁለት ማሽን ገዛች፤ አሥሩ ሞተዋል፣ አንዱ ይቃዣል።
ከገደሉ ራቅ ባለ፣ ምዕመን በቀረበት የጸሎት ቤት ደረደረቻቸው፤
በር ላይ በካርድ ትከፍላለህ፣ ውስጥ ሁሉም ነጻ ነው።
አልተዋጠልኝም፤ እውነቱን ልናገር፦
"ትቀጥላለህ?" ብሎ ከዘጠኝ ወደ ታች ሲቆጥር፣
ኪሴን እየዳበስኩ የምፈራው ሞት
ያለ ሳንቲም ምን ሞት ነው?
አሁን ሰው በነጻ ይሞታል፣ በነጻ ይነሣል።

ግን ዓርብ ማታ ሄድኩ።
የቢንጎ ባልቴቶች ከተማሪ ጋር ተጋፍተው ይተኩሳሉ።
ናዝኒን ከተጣለ ቴሌቪዥን ዕቃ ፈትታ ቀዩን መልሳለታለች፣
ፍንዳታው ፍንዳታ መስሏል።
ገፊውንም ጥግ ላይ አቁማዋለች፣ ከነመዳቡ፤
አፋፉ ላይ ያሉት እነዚያው ይሆኑ እንዴ ብዬ ጎንበስ አልኩ።
ዝርዝር የሚሰጥ ሰው ትፈልግ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።
ሌላ ጠየቅኳት፦ "ከዚህ እስከ ባሕሩ ስንት ነው?"
"ሁለት መቶ አሥር ሜትር።" ጭሱን በእጇ ገፋ አደረገች።
"ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። መቶ ዓመት ገደማ።
ያን ኬብል አቀብለኝ።"